የስለቱ ጥላ ባሕር ላይ

ኅዳር 28 ቀን 1956፣ አሰበ ተፈሪ

ከገበያ በርበሬ ገዝቼ ስመለስ እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። "እቴነሽ፣ ጅቡቲ ሂጂልኝ" አለች። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ለቁልቢ ገብርኤል የሚሰጥ ጥላ፣ እና ወንድሜ ሽፈራው። ከአባባ ጋር ተጣልቶ ከወጣ ስድስት ዓመቱ። አባባ ሲሞትም አልመጣ። "ልጄን መልስልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ" ብላ ተስላለች። ልጁ ሳይመጣ ስለቱን መግዛት ምንድነው? ብላት ተቆጣች። "ገብርኤልን ልታስተምሪው ነው?" ኧረ እኔ ማን ነኝ...

ታኅሣሥ 2

እስከ ሚኤሶ በጫት መኪና፣ ከዚያ በባቡር። ጎረቤታችን ፋጤ፣ ጫት ነጋዴዋ፣ አብራኝ ናት። ሽፈራው ያለበትን ያገኘችውም እሷ። "አብሽሪ፣ እኔ አለሁ" አለችኝና እስከ ድሬዳዋ አንኮራፋች።

ታኅሣሥ 4፣ ጅቡቲ

ጥላው ከሕንዱ ሱቅ ተገዛ። ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ ወርቅማ። ሲያምር!

ሽፈራውን ወደቡ ላይ አገኘነው። ጠቁሯል። አቅፎኝ አለቀሰ። የአንድ ሙሴ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው፤ እዚህ ፈረንሳዩ ሁሉ ሙሴ ነው። "ና እንሂድ" ብለው ዓይኑን ሰበረ። "አባባን አልቀበርኩ። እማዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ?" ነገ ሙሴውን ደሴቶቹን ያዞረዋል። "አብረሽኝ ነይ፣ ስንመለስ ቁርጡን እነግርሻለሁ" አለኝ። ባሕር ላይ? እኔ? የሰፈራችንን ወንዝ እንኳ ድንጋይ እየረገጥኩ ነው የምሻገረው።

ታኅሣሥ 5

ጥላውን ማንን አምኜ ልተወው? በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ገባሁ። መጀመሪያ ሙሻ ደሴት ቆምን። ሙሴው ዋኘ፣ ዓሣ ጠበሰ፣ ለኔም ዘረጋልኝ። ጾም ነው ብዬ በእጄ ነገርኩት፤ ሳቀ። ደህና ሰው ነው።

ወደ ሁለተኛዋ ደሴት ስንነሳ ፀሐዩ አናቴን በሳው። እኔ ሞኟ ጥላውን ዘረጋሁት! ሸራ ጀልባ ላይ ጥላ የሚዘረጋ የአሰበ ተፈሪ ሰው ብቻ ነው። ነፋሱ ከእጄ ነጥቆ ባሕር ውስጥ...

ጮህኩ። ሙሴው "ተይው" እንደማለት እጁን አወዛወዘ። ሽፈራው ግን ጀልባዋን አዞረ። በረጅም መንጠቆ ጎትቶ ሲያወጣው ዘርፉን አየ።

"ይሄማ የቤተ ክርስቲያን ነው። የማን ስለት ነው?"

"ያንተ።"

"የኔ?"

"እማዬ ናት የተሳለችው። ከሄድክበት ቀን ጀምሮ።"

ጥላውን እንዳቀፈ ተቀመጠ። ውሃው ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሙሴው መሪውን ያዘለት። ወደቡ ስንደርስ ጥላውን መልሶልኝ ጀልባዋን ማሰር ጀመረ። እኔም ቁርጡን ፈርቼ አልጠየቅሁም፤ የባቡሩን ቀን ብቻ ነገርኩት።

ታኅሣሥ 7

ባቡር ጣቢያ ነን። ሽፈራው አልመጣም። ፋጤ "አላህ ያውቃል" ትላለች፣ እኔ በሩን በሩን አያለሁ። እማዬን ምን ልበላት?

...ባቡሩ ሊነሳ ሲጮህ ሲሮጥ መጣ! ሻንጣ የለው፣ ምን የለው። መጀመሪያ ያለኝ፦ "ጥላውን አምጪው፣ እኔ ልያዘው።"

ታኅሣሥ 19፣ ቁልቢ

ሰዉ ለጉድ ነው። እማዬ ገና ዛሬ ከነጠላው የተፈታውን ጥላ ስትዳብስ ቆየች። ከፋዩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ደርቆበታል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጨው ነው እማዬ። የባሕር" አለ ሽፈራው አንገቱን ደፍቶ።

ልጠርገው የነጠላዬን ጫፍ ሳረጥብ እጄን መታ አደረገችኝ።

"ተይው! ከየት እንዳመጣልኝ ገብርኤል ራሱ ይየው።"

ሽፈራው ጥላውን ዘርግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። እማዬ ከሥሩ፣ የኮቱን ጫፍ ጭብጥ አድርጋ ይዛ።