የሩቅ አገር ሰዓታችን

ውድ ወለላዬ፣

ዛሬ እንደምንም ብዬ ትኬት ቢሮ ገባሁ። ስንቴ በሩ ድረስ ሄጄ እንደተመለስኩ አልነግርሽም፤ ትስቂብኛለሽ።

ከሱቃችን በር በላይ የሰቀልናት ክብ ሰዓት አሁንም ትሠራለች። ለዕረፍት የምንሄድበት አገር ሰዓት ናት ብለሽ ማንም እንዳይነካት የከለከልሽው አንቺ ነሽ። ደንበኛ ሁሉ «የሰዓት ሠሪ ሰዓት እንዲህ ይሳሳታል?» እያለ ሲያሾፍ፣ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩማ «ይቺ ሰዓት ትጠጣለች እንዴ?» ሲል፣ አንቺ ከምትሰፊው የሰዓት ማሰሪያ ቀና ሳትይ «እሷ ልክ ናት፤ ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ነን» ትያቸው ነበር። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ታዪያትና «አሁን እዚያ ሰዉ ከሥራ ወጥቶ በባሕሩ ዳርቻ ሊንሸራሸር ነው» ትይኛለሽ። እኔም የጠፋች ብሎን እየፈለግኩ «ይንሸራሸሩ፣ ደርሰን እንቀላቀላቸዋለን» እላለሁ። ዘንድሮ አልሆነም፣ ለከርሞ ስንል ሞት ቀደመን።

ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «አባባ፣ ብቻዎን ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ።»

ካረፍሽ ወዲህ ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አንቺ የሌለሽበት ባሕር ምን ያደርግልኛል ብዬ ልወጣ ብድግ አልኩ።

ልጅቷ ግን ቀጠለች። «ሲደርሱ እንዳይደናገሩ፤ እዚያ አገር ሙቀቱ ሲገባ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ይመልሱታል።»

«ምን አልሽኝ?»

ደግማ ነገረችኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ሰዓት ሳስተካክል ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር! የዓመቱን እኩሌታ ሰዓታችን ተሳስታ ነበር ማለት ነው፣ ወለላዬ። ከሥራ ወጡ ስትይኝ፣ ሰዎቹ ተንሸራሽረው ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን አውልቀዋል። ያ ሁሉ ደንበኛ እውነቱን ነበር! ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። «ሰማሽ አይደል?» ልልሽ ወደ ጎኔ ዞርኩ። ወንበሩ ላይ የነበረው ባርኔጣዬ ብቻ ነው።

ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ። ምን እንዳሳቀኝ ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት፤ ከአንቺ በቀር ማንን ያስቀዋል? ተመልሼ ተቀመጥኩና ትኬቱን ቆረጥኩ።

ሱቅ ስመለስ መሰላል አቁሜ ወደ ሰዓቷ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ወደፊት መግፋት ለእኔ ምን ሥራ ነው? እጄ ግን እምቢ አለኝ። የተሳሳትነው አብረን ነው፤ ብቻዬን ላርመው አልፈልግም። እንዳለች አወረድኳትና በሹራብሽ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት።

እዚያ አሁን ሙቀት ነው። ባሕሩ ዳርቻ ሄጄ አግዳሚው ላይ አጠገቤ አስቀምጣታለሁ። ሰዉ ሁሉ ተንሸራሽሮ ወደየቤቱ ሲገባ፣ በእኛ ሰዓት ገና መውጫው ነው። ያኔ እኔና አንቺ እንነሳለን።

የናፈቅሽው ባልሽ፣
ሰዓት ሠሪው