ከዓይን ክሊኒኩ ገጽ ጎን የጻፍሽው

…ክሩን በምራቅሽ አርጥበሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ መርፌው ውስጥ ስታሾልኪላት እማዬ «ዓይኔ አይደለም፤ የዘንድሮ መርፌ ነው ቀዳዳው የጠበበው» አለች። አንቺ ሳቅሽን ዋጥ አድርገሽ ወደ እኔ ዞር አልሽ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገርሽ። ምን እንዳልሽ ጠፍቶኛል፤ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከጠዋት ጀምሮ ለማስታወስ ስታገል ቆየሁ። አልሆነልኝም፤ ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው? ቤቱስ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እማዬስ እንዴት አደረች? እንቅልፍ ወሰዳት ወይስ ስትገላበጥ ነጋባት? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ባልኩ ቁጥር ድምፄን እንደ ሐኪም የምትመረምሪውን ነገር ለዛሬ ተይውና እመኚኝ።

ይህን ሁሉ እንደ ሰሞኑ ከክሊኒኩ ገጽ ጎን በምንጻጻፍበት ማስታወሻ ልጽፍልሽ እችል ነበር። እዚያ ላይ ግን ሰው አጠር አድርጎ ነው የሚናገረው። ዛሬ ማጠር አልቻልኩም። ዛሬ እማዬ ዓይኗን በቀዶ ሕክምና የምትታከምበት ቀን ነው፤ ክሊኒኩ ደጃፍ ደርሳም ቢሆን «ተውኩት» ብላ ልትመለስ እንደምትችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለ ሥራዬ ለሚጠይቁሽ ሁሉ «ኮምፒውተር ይጠግናል» እንደምትያቸው ሰምቻለሁ። ይሁን። ቢሮአችን ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ እሱ ከታች መዶሻውን ባነሳ ቁጥር የኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። አለቃችን፣ ፕሮግራም ጸሐፊዋና እኔ ነን። መሣሪያችን ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያነበውን ገጽ ሳይነካ፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር አስምሮበት ከጎኑ ሐሳቡን እንዲጽፍ ያደርጋል። ሌላው አንባቢ እዚያ ሲደርስ ያየዋል፤ ካሻውም ይመልስለታል። የኔ ድርሻ ቁልፎቹ ላይ የሚጻፉትን ቃላት በአማርኛ ማውጣት ነው። መጀመሪያ የገጽ ዳር ለማለት «ኅዳግ» ብዬ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዋ «ሰው መድኃኒት መስሎት ከምግብ በፊት ነው በኋላ ብሎ ይጠይቅሃል» አለችኝ። «የጎን ማስታወሻ» የሆነው በእሷ ነው።

አንድ ቃል ግን ማንም ሳይስቅበት አለፈ። ማስታወሻው ለማን ይታይ ለሚለው «ለራሴ»፣ «ለቡድኔ»፣ «ለሁሉም» የሚሉ ቁልፎች አወጣሁ። ጥሩ አማርኛ መስሎኝ ነበር። ክሊኒኩ ስለ ዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያወጣውን ገጽ አብረን እንድናነበው የላክሁልሽ ጊዜ፣ አንቺ «ሕመምተኛው ነቅቶ ይቆያል» በሚለው ላይ አስምረሽ እንዲህ ጻፍሽ፦ «ይቺን ሳነብላት ‹ነቅቼ? ቢላዋው ሲመጣብኝ እያየሁ? ሞቼ ነው!› ብላ ብርድ ልብሷን ተከናነበች። ግትርነቷን መቼም ታውቀዋለህ። እንዲህ እያለች ልትታወር ነው።» ከዚያም «ለሁሉም» የሚለውን ተጫንሽ።

ስልክ ላይ የጮኽሽው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ገበናችንን አደባባይ አወጣኸው! ‹ለሁሉም ሰላም በይልኝ› ስትለኝ ቤቱን ሁሉ ማለትህ አይደል እንዴ? ቡድን ደግሞ እኔ ምን ኳስ ተጫዋች ነኝ!» እውነትሽን ነው። ሁልጊዜ በደብዳቤዬ መጨረሻ የምጽፈው «ሁሉም» አንድ ሳሎን የሚሞላ ሰው ነው፤ ቁልፉ ላይ ያስቀመጥሁት «ሁሉም» ግን ጫፍ የለውም። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔው ነኝ፤ ልዩነታቸውን ግን አላየሁም። ሌላ ስንት ቃል እንዲህ አሳልፌ ይሆን?

ማስታወሻሽን ላጠፋው ስል ከሥሩ መልስ ተጽፎ አገኘሁ። ስሟን «የመንታዎች እናት» ያለች ሴት ናት፦ «ልጄ፣ ቢላዋ አይታይም። የሚታየው ብርሃን ነው፤ ውኃ ውስጥ ሆነሽ ፀሐይን ስታዪ እንደሚመስለው። የኔ ሐኪም ስለ መኪናው ሲያማርር ነው ሠርቶ የጨረሰው። እናትሽን ግትር አትበያት፤ ፈርታ ነው።» ደጋግሜ አነበብሁት። ደስታዬ ወዲያው ጥርጣሬ ሆነ። ማን ናት? እውነት እሷም ዓይኗን ተሠርታለች? ብትዋሽስ? ለአንቺ ልንገርሽ አልንገርሽ ብዬ ቢሮው ውስጥ ስንጎራደድ አለቃችን «ወለሉ ያልቃል፣ ተቀመጥ» አለኝ።

ነገርኩሽ። ተኮሳትረሽ አነበብሽላት። የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እማዬ ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ «ያቺ ሴትዮ ሌላስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች አልሽኝ። በማግስቱ ደግሞ «ጠይቂያት፤ ሲያልቅ ያቃጥላል?» አስባለችሽ። ሐኪሙ አፉን ሞልቶ ያስረዳት ነገር አልገባ ብሏት፣ ፊቷን አይታው የማታውቅ ሴት የነገረቻት ገባት። አንድ የማናውቀው ባለጌ ደግሞ ከማስታወሻው ሥር መጥቶ «በዚህ ዕድሜ ምን ሊያዩ ነው?» ሲል እኔ ደሜ ፈላ። እሷ ግን «እስካሁን የዘገየሁት አንተን እንዳላይ ብዬ ነው በይው» አለችሽ። ፕሮግራም ጸሐፊዋ ይህን ስታነብ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር፤ «እናትህን እንቅጠራት» አለች።

ቁልፉንም ቀየርነው። «ለማንም» ልል ነበር፤ አለቃችን «ስድብ ይመስላል፤ ማንም ምንም እንደማለት ነው» አለ። ልክ ነው። «ለማያውቁኝ ሁሉ» ብል ቁልፉ ላይ አልበቃ አለ። በመጨረሻ «ለአደባባይ» አልነው። ከየት አመጣኸው ሲሉኝ እህቴ ስትቆጣ ያለችው ነው አልኳቸው። ይኸው የቁጣሽ ቃል ሰው ሁሉ የሚጫነው ቁልፍ ሆኗል።

ደስ ብሎኛል እታለም። እንዲያም ሆኖ አንድ ዓይኔ ማስታወሻሽን እየጠበቀ ማያ ገጹ ላይ ነው። የስልክሽን ባትሪ ሞልተሻል? ሹራቧን አልብሰሻታል? ክሊኒክ ውስጥ ይበርዳል። እጇን አጥብቀሽ አትያዣት፤ እንደ ፈራሽ ታውቅብሻለች።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዓይኗ ሲገለጥ ሽበቴን ሳልቀባ ፎቶ እልክላታለሁ በያት። ባለቤትሽን በዝናብ መሐል ጣሪያው ላይ አትውጣ ብሎሃል በይው። ድንቡሼ ልጅሽን ከዚሁ ሆኜ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ አሽከርክሬያታለሁ። አክስታችንንም ሰላም በያት፤ ለወሬዋ የሚሆን በቂ ነገር ዘንድሮ ሰጥተናታል።

ወንድምሽ
ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፩፣ ረፋድ ላይ

ልልከው ስል ማስታወሻሽ ብቅ አለ፦ «ስሟ ተጠራ። እጄን ራሷ ለቀቀችው። ገባች፤ በሩ ተዘጋ።»