ይህ ነው የሚባል ጉዳት ስለሌለው ቀስት

ለክቡር አቶ ራንደል ፕሪቸት
የግዛታችን የአደንና የዱር እንስሳት ቢሮ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይ የቀኝ ትከሻዎ እንዴት እንደ ሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የሄምሎክ ቤንድ ሰዎች ቢሮዎ ባደረገልን ተአምር ከትከሻ ሕመም በአንድ ጀምበር ስለ ተፈወስን፣ የእርስዎም እንዲሁ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለሚያነብና ተአምሩን ላልሰማ ሰው ላስረዳ። እስካለፈው ዓመት ድረስ በቀስት ብቻ በሚታደንበት ወቅት አጋዘን የሚያድን ሰው ቀስቱን በገዛ ክንዱ መሳብ ነበረበት። ቃታ ያለውን፣ እንደ ጠመንጃ ተነጣጥሮ የሚተኮሰውን ቀስት መያዝ የሚችለው፣ ትከሻው እንደማይሠራ የሐኪም ወረቀት አቅርቦ በየዓመቱ የልዩ ፈቃድ ክፍያ የሚከፍል ብቻ ነበር። እርስዎ ባለቃታውን ለሁሉም ፈቀዱ፤ ልዩ ፈቃዱንም ከነክፍያው ሰረዙት። ከአዲሱ ደንብ ጋር ባወጡት መግለጫም ለውጡ "በመንግሥት ገቢ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንደማያደርስ፣ እንዲያውም አዳዲስ አዳኞች እንደሚጎርፉ" አበሠሩን።

እኔ ለዓሣ አጥማጆች ትልና መንጠቆ፣ ለአዳኞች ቀስትና ጥይት የምሸጥ፣ በቢሮዎ ውክልናም የአደን ፈቃድ የምቆርጥ ነጋዴ ነኝ። ሱቄን ስዘጋ የቀኑን ገበያ በማስታወሻዬ የማስፈር ልማድ ስላለኝ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች ለማቅረብ እደፍራለሁ።

፩. ስለ ጎርፉ። መግለጫዎን አምኜ ለሚጎርፈው ሕዝብ መቆሚያ እንዲሆን የባንኮኒዬን ፊት አሰፋሁ። መጀመሪያ የገባው እንጨት ጫኙ ቡች ሳርቪ ነበር፤ ትከሻው ታሞ የኖረው ግንድ በማያነሣበት ሰዓት ብቻ ነው።

"ዴል፣ ድኛለሁ! ልዩውን ተወውና ተራውን ፈቃድ ቁረጥልኝ" አለኝ።

"ሐኪሙ ምን አሉ?"

"የምን ሐኪም? ቢሮው አይደል እንዴ ያዳነኝ!"

ከእሱ በኋላ የመጡትም ያው የማውቃቸው ናቸው፤ አንድ እንግዳ ፊት አላየሁም። በክንዱ ይስብ የነበረው፣ አሮጌ ቀስቱን ሰቅሎ ባለቃታውን ከእኔ ገዛ፤ ልዩ ክፍያ ይከፍል የነበረው መክፈሉን ተወ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ዓመት አልነበረም፤ ከልብ አመሰግናለሁ። ለመንግሥት ካዝና ግን፣ ጸሐፊዎ "ይህ ነው የማይባል ጉዳት" ሊሉ ፈልገው ብዕራቸው አዳልጧቸው "የሚባል" የጻፉ ይመስለኛል። በፊደል ደረጃ ስሕተቱ ትንሽ ነው።

፪. ስለ ቁጠባው። በካዝናው የተከፈተውን ቀዳዳ ለመድፈን የአካባቢያችንን ብቸኛ የአደን ተቆጣጣሪ፣ የወይዘሮ አርዲስ ሊንድክቪስትን የሥራ መደብ መዝጋትዎ ታላቅ አስተዋይነት ነው። ደመወዛቸው ተቆጥቧል። ሕገወጦችን እየቀጡ ለመንግሥት የሚያስገቡት ገንዘብም አብሮ ተቆጥቧል። የሥራ መኪናቸው ግን እስካሁን ከሱቄ ጀርባ ቆማለች፤ ቢሮዎ የቦታውን ኪራይ በየወሩ ሳያስተጓጉል ይልክልኛል። የማትንቀሳቀስ መኪና ነዳጅ እንደማትጨርስም ልብ ብያለሁ።

፫. ስለ መብራቱ። ወይዘሮ አርዲስ ከሄዱ ወዲህ በረግረጉ መንገድ ላይ ማታ ማታ የመኪና መብራትና የተኩስ ድምፅ በዝቷል። በመብራት አፍዝዞ አጋዘን የሚጥል ሰው ፈቃድ አይገዛም። አጋዘኑ ሲያልቅ ደግሞ ፈቃድ የሚገዛውም ይቀራል፤ ያኔ እኔ የምሸጠው ትል አላጣም፣ እርስዎ ምን እንደሚሸጡ ግን አሳስቦኛል።

ስለዚህ ደንቡ ይመለስ አልልም፤ እኔም ነጋዴ ነኝ። ባለቃታ ቀስት የሚይዝ ሁሉ፣ ትከሻው ያመመውም ያላመመውም፣ የቀድሞውን ልዩ ክፍያ ይክፈል፤ በዚያም ገንዘብ ወይዘሮ አርዲስ ወደ መኪናቸው ይመለሱ። ኪራዩ ቢቀርብኝም እችለዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከተፈወሰችው ከተማችን ጥልቅ ምስጋና ጋር፣ ሁልጊዜም ታዛዥ ወኪልዎ ሆኜ እቀራለሁ።

ዴል ሩትሳላ
ከሄምሎክ ቤንድ

ተጨማሪ፦ ደንቡ ከመለወጡ በፊት በነበረው በጋ፣ በዓመታዊው ትርኢታችን ላይ የፈረስ ጫማ ብረት ወደ ካስማ በመወርወር ውድድር አንደኛ ሲወጡ ከልብ አጨብጭቤያለሁ። ውርወራው በቀኝ እጅዎ ነበር፤ ቀኝ ትከሻዎ እንደማይሠራ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት አሳይተው ባለቃታ ቀስትዎን ከእኔ ከገዙ ገና ወር አልሞላዎትም ነበር። ወይዘሮ አርዲስ አጠገቤ ቆመው ነበር። ዞር ብዬ ሳያቸው፣ "አንተ ዴል፣ ምን ታየኛለህ? ዛሬ እኮ ዕረፍቴ ነው" ብለውኝ ፊታቸውን ወደ ያዙት አይስክሬም አዞሩ። እሳቸው ለእርስዎ ሲሉ ዕረፍት ላይ የሆኑት ለአንድ ቀን ነበር፤ እርስዎ ግን ቸር ሰው ነዎትና ዕረፍቱን ዘላቂ አደረጉላቸው።