ከቅሪተ አካሉ ደጃፍ ለሚመለከተው አካል

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የግንባታና የጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከከተማው ጫፍ ባለው የአሸዋ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ የፈለጥኩ ሠራተኛ ነኝ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ወር፣ በቅጥነቱ «ሽብልቅ» ከምንለው ባልደረባዬ ጋር ቀዩን ገደል ስንሰነጥቅ፣ ከድንጋዩ ውስጥ የጎድን አጥንቶች፣ አንድ የጭን አጥንት፣ ማለቂያ የሌለው ጅራትና አንድ የራስ ቅል ብቅ አሉ። ሽብልቅ አፍጥጦ አፍጥጦ «ይሄ በሬ ከሆነ እረኛው ምን ያክል ነበር?» አለ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት መጥተው ካዩት በኋላ፣ ድንጋዩ የዳይኖሰር ዘመን መሆኑንና እንስሳውም ከነአጥንቱ ድንጋይ ሆኖ መቅረቱን ነገሩን። እኔም በዚያው ቀን «ቅሪተ አካል ስለተገኘ ቁፋሮው ይቁም» ብዬ ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትኩ። በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ መልሱም «የተጠቀሰው ቅሪት በአሥር ቀን ውስጥ ተጠርጎ ይነሣ» የሚል ነበር።

አቤቱታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ «ቅሪት» የሚለውን አንብበው «አካል» የሚለውን በመዝለልዎ የሥራ ሰዓት እንደቆጠቡ እረዳለሁ። ከጽዳት ክፍል አንድ አካፋና አምስት ጆንያ ደርሶናል። የእንስሳው የጭን አጥንት ብቻ ከእኔ ቁመት ስለሚበልጥ፣ ጆንያውን በማን ጭን እንደለኩት ቢገለጽልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፤ ስህተቱን ላስረዳ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ በሚያስመሰግን ትሕትና ወደሚመለከተው አካል መሩኝ። ሦስት ክፍል ዞርኩ። በሦስቱም ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት አገኘሁ እንጂ የሚመለከት አካል አላገኘሁም። የእኛው አካል ቢያንስ የዓይን ጉድጓድ አለው።

ሦስተኛ፤ በመጨረሻ በስልክ ሳገኝዎ «እንዲህ ያለ አውሬ በክልላችን ኖሮ ቢሆን መዝገባችን ላይ ይገኝ ነበር» ብለውኛል። ልክ ነዎት፤ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሲሞት መጥቶ አላስመዘገበም።

አራተኛው ቀልድ የለበትም። ቅሪቱ በጆንያ አልነሣ ስላለ፣ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ገደሉ በድማሚት እንዲፈነዳ አዘዋል። የድማሚቱን ቀዳዳ እንድበሳ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ባልበሳ ከሥራ እንደምሰናበትም በማኅተም ተጽፎ ደርሶኛል። ባለቤቴ ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ አንብባ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከከተተችው በኋላ «ሃያ ሁለት ዓመት ስትሰብር ኖረሃል፤ አንዱን ብትተወው ምን ይልሃል?» አለችኝ።

ስለዚህ አልበሳም።

መሰርሰሪያዬን ለመጋዘን አስረክቤ ፈርሜያለሁ። ሽብልቅም አስረክቧል። የቀሩት ሰባት ፈላጮች ደግሞ፣ እኔ አንድም ቃል ሳልተነፍስ፣ ከኋላችን ተሰልፈው አስረክበዋል። ክቡርነትዎ ቀዳዳውን ራስዎ ለመብሳት ካሰቡ መሰርሰሪያዎቹ ዘጠኙም በሥርዓት ተደርድረው ይጠብቁዎታል፤ ሲይዙት እጅ ስለሚያንዘረዝር የሚፈርሙትን ሁሉ አስቀድመው ፈርመው ይምጡ። እኔን ከራስ ቅሉ ፊት ለፊት፣ ከላኩልን ጆንያዎች አንዱን አንጥፌ ተቀምጬ ያገኙኛል። አራቱ ጆንያ ተርፎናልና እንግዳም ይዘው ቢመጡ አናፍርም።

ጊዜዎን ወስደው ይህን ደብዳቤ፣ በተለይም ሁለተኛውን ቃል ሳይዘሉ፣ ስለሚያነቡልኝ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣

ከማይነሣው ቅሪት ጋር የማይነሣው፣
የካባው ድንጋይ ፈላጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መምህርቷ እንደነገሩን፣ የዚህ እንስሳ አንጎል ከሎሚ አይበልጥም ነበር፤ ያም ሆኖ ዘሩ ሚሊዮን ዓመታትን ኖሯል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስለ ሥልጣን ዘመንዎ ምንም ስጋት አይግባዎ።