ፒክአፗን ክሊኒኩ በር ላይ ነው የማቆማት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለብሮንዊን፣

ባለሽበት እግዜር ይጠብቅሽ፤ ያ የግላስጎው ብርድም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጠብ አላለም፣ ስንዴው ግን እንደምንም ቆሟል። የላክሽው ሹራብ ልክ ሆኖኛል።

ወንድምሽ ግሌን ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሁ ደብቄሽ ነበር። በመጨረሻ ለቤተሰብ ሐኪማችን ለዶክተር ናይዱ ነገርኳት። አልቸኮለችም፤ አዳመጠችኝ፣ የሕክምና ዕቅድ ጻፈችልኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒኩ ወደሚመጣው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላከችኝ። አብዛኛውን የሚከፍለው መንግሥት ነው።

አባትሽ ታዲያ "ሂጂ፣ ግን መኪናዋን ከክሊኒኩ ማዶ ካለው የስንዴ ጎተራ ጀርባ አቁሚያት" አለኝ። መቼም ትንሿን ከተማችንን ታውቂያታለሽ፤ መኪናሽን ያየ የት እንደገባሽ ያውቃል። ለዚህ ጉዳይ የሚመጣ ሁሉ እዚያ ነው የሚደብቃት። ጎረቤታችን ሜርልም "አበደች ይሉሻል" አለችኝ።

"ይበሉኛ! ለጉልበቴ ስታከም ማን ተደበቀ?" አልኳት።

ሐሙስ ሲደርስ ውሻችንን ከኋላ እንደጫንኩ ፒክአፗን ክሊኒኩ በር ላይ ገተርኳት። ሜርል ከመንገዱ ማዶ አፍጥጣ ስታየኝ እጄን አውለበለብኩላት።

አምስት ሐሙስ እንዲሁ አደረግሁ። ትናንት ስወጣ ከፒክአፗ ጎን የአባትሽ የጭነት መኪና ቆሟል። እሱ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

"ዶሪን፣ ቀጠሮ እንዴት ነው የሚያዘው?" አለኝ።

አንቺም በስልክ "ደህና ነኝ" ስትዪኝ ድምፅሽ አያታልለኝም። እዚያም ሐኪም አለ፤ እባክሽ ለእኔ ስትዪ ሂጂ። ጤናና የሰላም እንቅልፍ ይስጥሽ። ስትሄጂ ግን በፊት ለፊቱ በር ግቢ።

እናትሽ ዶሪን