ሽታ የሌለው ፓምፕ

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ብቅሉን ፈጨሁ። ደረቅ ነው፣ ጥሩ ወጣ። ሚስቴ ሱቅ ሄዳ ስለነበር ትልቁን ድስት ብቻዬን ላነሣው ሞከርኩ፤ ባዶውን። ባዶው እንኳ ከበደኝ።

ባለፈው ወር የፈላውን ሁለታችን ይዘን ወደ በርሜሉ ስንገለብጥ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ትኩሱ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ቁስሉ ድኗል። እሷ ረስታዋለች። እኔ ግን ድስቱን ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። አልጮኸችም... በጥርሷ መሐል ትንፋሽ ሳበች፣ ያ ብቻ። ያንን ድጋሚ መስማት አልፈልግም።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት የፈላ ድስት የሚያነሣ የለም። ቢራውን ከድስት ወደ በርሜል የሚያሻግር ፓምፕ እገዛለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ፓምፕ ሱቅ ዋልኩ። ሻጯን ሦስት ነገር ጠየቅኋት። ፈሳሹን የሚነካው ክፍል ከምን ተሠራ? የፈላ ነገር ይችላል? ውስጡ ቅባት አለው? «አባባ፣ ለምን ፈልገውት ነው?» አለችኝ። ለቢራ ስላት ሳቋን ዋጠች።

አንዱ ለአትክልት ማጠጫ ነው። ሌላው ለዓሣ ገንዳ፤ ፕላስቲኩ ሙቅ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። ሦስተኛውን «ለምግብ ይሆናል» አለች። የት ተጽፏል? ካርቶኑን እሷም አገላበጠች፣ እኔም አገላበጥኩ። ለምግብ ዕቃ የሚደረገውን የብርጭቆና የሹካ ምልክት ፈለግሁ። የለም። «ይሆናል» ምን ማለት ነው? «ይመስለኛል» ብሎ ለመለሰ ተማሪ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም።

ምልክት ያለው ካገኘች እንድትደውልልኝ ነግሬያት ባዶ እጄን ተመለስኩ። ቢራውን ልጃችን ትጠጣዋለች፣ ባሏ ይጠጣዋል፣ ጎረቤት ይጠጣዋል... በብርጭቆ የምቀዳላቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

የሚስቴ ወንድም መጣ። ሜካኒክ ነው፤ ሁሉም ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት ስለሚፈልግ «ባቡሩ» እንለዋለን። በጨርቅ የተጠቀለለ ፓምፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የማይዝግ ብረት፣ እንደ መስታወት ያበራል። ከየት አመጣኸው? ከፈረሰ ፋብሪካ። የምን ፋብሪካ? የወተት ሳይሆን አይቀርም አለ። በምን አጠብከው? በሳሙና።

«ጋሼ፣ ቢራ ልትጠምቅ ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ልታደርግ?»

ሚስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ፓምፑን ፈታትቼ አጠብኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። የፈላ ውሃ አሳለፍኩበት። አንድ ብርጭቆ በፓምፑ ካለፈው፣ አንድ በቀጥታ ከማንቆርቆሪያው። ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። ቦታቸውን ቀያይሬ ደገምኩ። ሠለስኩ። ልዩነት የለም። ሽታ የለውም።

ደስ አለኝ። ለባቡሩ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ተኩራራብኝ፣ ይገባዋል። ነገ እጠምቃለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 12

አልጠመቅሁም።

ጠዋት ሚስቴ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ቀረች። «ናፍጣ ያፈሰሰው ማነው?»

የምን ናፍጣ? ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ከሁለቱ ብርጭቆዎች አንዱን አነሣች፤ ፊቷን አጨማደደች። የፓምፑን ነው። ተቀብያት አፍንጫዬ ውሃውን እስኪነካ አስጠጋሁ። ምንም...

«አዎ፣ ገና ይታጠባል» አልኳት። ምን ይበጀኛል ብዬ ዋሸኋት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ሚስቴ ስትወጣ ጠብቄ ራሴን ፈተንኩ። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ቅርንፉድ፣ ሆምጣጤ፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ኩባያ። ዓይኔን ጨፍኜ የኩባያዎቹን ቦታ አደባለቅሁ። ሆምጣጤውን ብቻ አወቅሁት። እሱም ስለነከሰኝ እንጂ ስላሸተትኩት አይደለም።

ከመቼ ጀምሮ? ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ? ያለፈው ቢራ ጣዕሙ ሳሳ ብዬ በብቅሉ ስንት አማረርኩ። ብቅሉ ምን አደረገ... ፓምፑን በጥንቃቄ መረመርኩት፤ መርማሪውን ማን መረመረው?

ከዚያ ዓይኔ ምድጃው ላይ አረፈ። ሲሊንደሩ። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሰው ሲያፈተልክ እንዲያውቅ ተብሎ ነው ሽታ የሚጨመርበት። ይህንን ለልጆች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስንት ቀን ብቻዬን ክብሪት ጫርኩ? ድስቱ በተጣደ ቁጥር እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ ቢፈስ፣ እሷ ጓዳ ተኝታ...

ሲሊንደሩን ዘጋሁት። ምሳ ቀዝቃዛ በላን። ምድጃው ምን ሆነ አለችኝ። እያጸዳሁት ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ዛሬም ቀዝቃዛ ምሳ ሳቀርብ ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ነገርኳት።

አልደነገጠችም። «በነሐሴ ወተቱ ሲያር አጠገቡ ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነብ ነበር» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት ስለኩስ ሰበብ እየፈለገች ወጥ ቤት ትገባለች። ጨው ፍለጋ። መነጽር ፍለጋ። እኔ ደግሞ መርሳት ጀመረች ብዬ ስለ እሷ እፈራ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትፈራለህ ብዬ ነዋ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሁለታችንም እንፍራ። ለብቻ ደከመኝ።»

ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ይመለስ ይሆን? አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

ሻጯ ደወለች። አብረን ሄድን። የሚነካው ክፍል የማይዝግ ብረት፣ ማሸጊያው ለምግብ የሚሆን ሲሊኮን፣ የፈላ ይችላል፣ በማግኔት ስለሚዞር ቅባት አይገባበትም። የብርጭቆና የሹካው ምልክት አለ። አራቴ አነበብኩት። ሚስቴ ግን አላነበበችም፤ ቱቦውን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ሻጯ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «እሷ ናት መርማሪዋ» አልኳት።

ባቡሩ አኩርፎ ፓምፑን ወሰደ። መኪና ያጥብበታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25

ጠመቅን። ማንም ድስት አላነሣም። ሚስቴ ከምድጃው ርቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እኔ የድስቱን ቧንቧ ከፍቼ ፓምፑን አበራሁ፣ ትኩሱ በቱቦው ውስጥ ዝም ብሎ ወደ በርሜሉ ሄደ። መጀመሪያ ውሃ አሳልፌበት በብርጭቆ ሰጥቻት ነበር። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ አሁንም አሸተተች። «ንጹሕ ነው።»

ከሁሉ በፊት ግን ክብሪቱ ነበር። እጄ ላይ ያዝኩትና መጫር አቃተኝ። ጠራኋት። መጥታ ሲሊንደሩ አጠገብ አጎነበሰች፣ ከዚያ ምድጃው ላይ። ቀና እስክትል ረጅም ጊዜ መሰለኝ።

«ጫር» አለችኝ።

ጫርኩ።

ነገ ሚስቴ ልጃችን ዘንድ ትውላለች። ሲሊንደሩን ዘግቼዋለሁ። ምሳዬ ቀዝቃዛ ነው።