የተመለስኩበት ደመና

ረቡዕ፣ ሰኔ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዛሬ ጎጃም በረንዳ፣ የበርበሬ ነጋዴው ጋሼ ታደሰ ሱቅ በር ላይ ተሰደብኩ። ትናንት ለወንድማቸው ተዝካር ደብረ ማርቆስ ላደርሳቸው በትንሿ አውሮፕላን ይዣቸው ተነስቼ ነበር። ዓባይ በረሃ ላይ ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሞ ጠበቀን፤ ውስጡ መብረቅ ይብለጨለጫል። በግራ ዞሬ ሞከርኩ፣ በቀኝም ሞከርኩ። ማለፊያ ሳጣ አዲስ አበባ መለስኳቸው። ተዝካሩ አመለጣቸው።

ዛሬ እንዳዩኝ ለደንበኞቻቸው፣ "ዝናብ የሚፈራው ካፒቴን ይኸውላችሁ" አሉ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ።

"አዎ ጋሼ፣ ፈርቻለሁ" አልኳቸው። "ነገም ደመናው እንደዚያ ከቆመ እመለሳለሁ።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ያብርረኝ" አሉ።

ትናንት መብረቁ ሲያበራ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ትከሻዬን ጨምድደው ይዘው "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ይሉ እንደነበር መናገር እችል ነበር። ሐዘንተኛ ናቸው ብዬ ተውኩት። እስከ አሁን ግን ጆሮዬ ይግላል።

ቢሆንም አልጸጸትም። ሰፈሩ ሁሉ ፈሪ ይበለኝ። ጋሼ ታደሰም የሰደቡኝ በሁለት እግራቸው ቆመው ነው።